ሰማንያ ዓመት ስም ያጣው ተርብ

በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ በስፒል የተሰካ ተርብ ነበር። የተያዘው በ1930ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጣው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካለችው የሱላዌሲ ደሴት ነው። ሰውነቱ ጥቁር ነው። መንጋጋው ግን ጉድ ያሰኛል። እንደ ማጭድ የታጠፈ ሆኖ ከፊት እግሮቹ ይረዝማል።

ጦርነት መጣ። ከሙዚየሙ ሕንፃ አንዱ ክንፍ በቦምብ ፈረሰ። ከተማዋ በግንብ ለሁለት ተከፈለች፤ ቆይቶ ግንቡም ፈረሰ። ተርቡ እዚያው መሳቢያው ውስጥ ነው። ስም አልወጣለትም።

ከዚያ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። ከካሊፎርኒያ የመጡት የነፍሳት ተመራማሪ ሊን ኪምሴ እዚያው ሱላዌሲ፣ ሜኮንጋ ተራሮች ላይ፣ ይህንኑ ተርብ ያዙ። በርሊን ያሉት ማይክል ኦል ደግሞ ያንን አሮጌ ናሙና አይተው እስከዛሬ የትም እንዳልተመዘገበ ተረዱ። ሁለቱ ተገናኙና በ2012 አብረው ጻፉት። ሜጋላራ ጋሩዳ አሉት። ጋሩዳ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ አርማ ላይ ያለው፣ በአፈ ታሪክ የሚታወቀው ታላቅ ወፍ ነው።

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ጫካ ውስጥ መረብ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። በተርብ ዓለም ግን ነገሩ ባብዛኛው እንዲህ አይደለም። ተርቡ ከተያዘ ቆይቷል። የጎደለው፣ ቁጭ ብሎ አይቶ «ይሄ ሌላ ነው» የሚል ሰው ነው። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት አንድ ፍጥረት ከተያዘበት ቀን አንስቶ ስም እስኪያገኝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስልቶ ነበር። አማካዩ 21 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ ማለት ነው።

ስለዚህ «አዲስ» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ተርቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ሚሊዮን ዓመታት ኖሯል። ለአገሩ ሰውም አዲስ ላይሆን ይችላል። አዲስ የሚባለው በሳይንስ መዝገብ ላይ ነው። ስም ወጥቶለት፣ መለያው ተጽፎ፣ ለማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ናሙና ተመርጦ ታትሟል ማለት ነው። እነዚህ ካልተሟሉ ተርቡ እልፍ ጊዜ ቢታይም እንዳልታየ ነው።

ተርብ ሲባል የሚናደፈው፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው፣ ልጅ ሆነን ያባረረን ትዝ ይለናል። እሱ ከቤተሰቡ ጥቂቱ ነው። አብዛኞቹ ተርቦች ሰው አይነኩም። ብዙዎቹ ዓይን የማይገቡ ናቸው። መብረር ከሚችሉት ትንሹ ኪኪኪ ሁና ይባላል፤ ርዝመቱ 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ክንፍ፣ እግር፣ ዓይንና አንጎል ያለው ፍጥረት ነው!

አኗኗራቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ቤቴ መስኮት ጥግ ላይ የጭቃ ልጥፍ አየሁ። ጣት የሚያክሉ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሠሪዋን ለቀናት ተመለከትኳት። ወገቧ ክር ነው። የጤፍ ፍሬ ከሚያክል ትንሽ የሚበልጥ የጭቃ ድቡልቡል በአፏ ይዛ ትመጣለች፣ ትለጥፋለች፣ ትሄዳለች። አንዱን ቱቦ በቢላ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ውስጡ በሸረሪት ታጭቋል። የሞቱ መስሎኝ ነበር። አንዷን በስንደዶ ጫፍ ነካ ሳደርጋት እግሯን ቀስ አድርጋ አነቃነቀች። አልሞተችም፤ ደንዝዛለች። ተርቧ ነድፋ አደንዝዛ፣ ላያቸው ላይ እንቁላል ጥላ፣ አፉን በጭቃ ደፍናዋለች። ከእንቁላሉ ትል መሰሉ እጭ ሲፈለፈል ትኩስ ሥጋ ይጠብቀዋል። ብትገድላቸው ኖሮ ይበሰብሱ ነበር።

ከዚህ የሚብሱም አሉ። ጥገኛ ተርብ የሚባሉት ጎጆ አይሠሩም። እንቁላላቸውን በቀጥታ ሌላ ነፍሳት ላይ ወይም ውስጥ ይጥላሉ። ትል፣ ጥንዚዛ፣ ሸረሪት፣ የሌላ ነፍሳት እንቁላልም ሳይቀር። እጩ ያደረበትን ትል ከውስጥ ይበላውና በመጨረሻ ገድሎት ይወጣል። አንዳንዱ ጥገኛ ተርብ ደግሞ የሌላ ጥገኛ ተርብ ጥገኛ ነው። ብዛታቸው የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ዓይነት ትል ብቻ የሚያጠቃ ተርብ ካለ፣ የትሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር የተርቡም ዓይነት ይበዛል። በምድር ወገብ ዙሪያ ያሉት ደኖች ውስጥ ደግሞ ትል ስንት ዓይነት እንደሆነ አስቡት።

ሾላና ዋርካም በተርብ ነው የሚኖሩት። የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ተደብቋል። ጥቃቅን ተርቦች በጠባቧ ቀዳዳ ሲገቡ ክንፋቸው ይረግፋል፤ ውስጥ ገብተው አበባውን ያዳቅላሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። ተርቧ ከሌለች ዛፉ ዘር አይኖረውም።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ተርቦቹ እንዴት ነው መሳቢያ የሚገቡት? ዋናው መሣሪያ ድንኳን ነው። ሬኔ ማሌዝ የሚባሉ ስዊድናዊ ነፍሳት ሰብሳቢ በጉዟቸው ድንኳን ተክለው ሳለ አንድ ነገር ልብ አሉ። ድንኳን ውስጥ የገባ ነፍሳት መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ጥግ ላይ ይከማቻል። እዚያ ጥግ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ዕቃ መግጠም ነው እንግዲህ። ዛሬም የማሌዝ ወጥመድ ይባላል። አልኮል ያለበት ጠርሙስ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ሰው በሌለበትም ቀን ከሌት ይሰበስባል።

ዩጋንዳ ውስጥ ኪባሌ የሚባል ደን አለ፤ በቺምፓንዚዎቹ ይታወቃል። የፊንላንድ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እና 2015 እዚያ እንዲህ ያሉ ድንኳኖች ተክለው ወራትን ሙሉ ሰበሰቡ። ከጠርሙሶቹ ከወጡት ተርቦች አንዷ ነጭና ጥቁር ሽንትር አላት። በ2019 ኤፒሪሳ ኳጋ ብለው ሰየሟት። ኳጋ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የነበረና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምድር የጠፋ የሜዳ አህያ ነው። የዚህች ተርብ ዘመዶች ረጅም መርፌ የመሰለ እንቁላል መጣያ አላቸው፤ በሱ እንጨት ሰርስረው ውስጥ ያለውን እጭ ያገኛሉ። እንጨት በመርፌ! ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ድንኳኑ ቀላሉ ክፍል ነው። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሺህ ነፍሳት ተደበላልቆ ይመጣል። ዝንቡ፣ ትንኙ፣ ጥንዚዛው፣ ተርቡ በወረንጦ አንድ በአንድ ይለያል። ተርቡ ተለቅ ካለ በቀጭን ስፒል ደረቱ ላይ ይወጋል። ትንሽ ከሆነ ስፒል ይሰባብረዋል፤ ስለዚህ ሦስት ማዕዘን ሆና በተቆረጠች ካርቶን ጫፍ ላይ በጠብታ ሙጫ ይለጠፋል። ከሥሩ ትናንሽ ወረቀቶች ይሰካሉ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ። የት፣ መቼ፣ ማን እንደያዘው፣ ከተቻለም በምን ላይ እንደተያዘ ይጻፍባቸዋል። ወረቀቱ ከጠፋ ተርቡ ለሳይንስ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። አሮጌ የአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ «አቢሲኒያ» ብቻ የሚል ወረቀት የተሰካባቸው ናሙናዎች አሉ። ከደንከል ይሁን ከጭላሎ፣ ከቆላ ይሁን ከደጋ፣ ማን ይንገረን? አንድ ሁለት ቃል ቢጨመርበት ስንት ነገር ያስተምረን ነበር።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ተርብ አለ። አዲስ ነው ወይስ ስም ያለው?

ይህን ለመመለስ ከ1758 ጀምሮ የተጻፈውን ማገላበጥ ይጠይቃል። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በዚያ ዓመት ካሳተሙት ሥራ ጀምሮ ነው። ደንቡ ቀደም ያለው ስም ይጸናል ይላል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው በላቲን ሁለት መስመር ጽፎ ያለፈውን ተርብ ዛሬ «አዲስ» ብዬ ብሰይመው የኔ ስም ውድቅ ይሆናል። ሁለት መስመር ደግሞ ምን ያስረዳል? «ጥቁር፣ እግሩ ቀይ» ብሎ ቢጽፍ፣ እንዲህ ያለ ተርብ ሺህ አለ።

ለዚህ ነው ናሙናው ራሱ የሚያስፈልገው። አንድ ዝርያ ሲሰየም ከናሙናዎቹ አንዱ ተመርጦ የስሙ ማመሳከሪያ ይሆናል። ሆሎታይፕ ይሉታል። ብዙ ሙዚየሞች ቀይ ወረቀት ይሰኩበታል። በነጋዴ ቋንቋ እንደ ሚዛን ድንጋይ ቁጠሩት፤ ክርክር ሲነሳ ሁሉም ወደሱ ይሄዳል። ጽሑፉ ቢሳሳት እንኳ ናሙናው አለ። ቀዩ ወረቀት ያለበት መሳቢያ ሲከፈት ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ አንድ እግር ብትሰበር በዓለም ላይ ምትክ የላትም።

ባለሙያው ክንፉን ያያል። የክንፍ ጅማት አወጣጡ ከዘመድ ዘመድ ይለያያል። የአንቴናውን መገጣጠሚያዎች ይቆጥራል። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ነቁጥ አለው ወይስ የተሸበሸበ ነው? የኋላ እግሩ ላይ ያሉት እሾሆች ርዝመታቸው ስንት ነው? ከዚያ የሚያስቸግረው ጥያቄ ይመጣል። ይሄ ልዩነት የዝርያ ነው ወይስ የወንድማማች? ሰውም እኮ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው። አንድ ናሙና ብቻ ይዞ ይህን መመለስ ከባድ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ብዙ ጊዜ «ቆይ፣ ሌላ ይገኝ» ይላል። የዓመታቱ መርዘም አንዱ ምክንያት ይኸው ጥንቃቄ ነው።

ፆታም ያሳስታል። ሙቲሊዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ጸጉራም ጉንዳን ነው የምትመስለው። ወንዱ ክንፍ አለው፣ መልኩም ሌላ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ለየብቻ ሁለት ዝርያ ተብለው የተሰየሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲገናኙ ካልታዩ ማን ያውቃል?

ስም አወጣጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። በራስ ስም መሰየም ነውር ነው። ከዚያ ውጪ ነፃነቱ ሰፊ ነው። በርሊን ያለው ያ ሙዚየም በ2012 ከታይላንድ ለመጣች ተርብ ስም እንዲያወጡ ወደ 300 የሚጠጉ ጎብኚዎችን ድምፅ አሰጥቶ ነበር። አምፑሌክስ ዴሜንቶር የሚለው አሸነፈ። ዴሜንቶር በአንድ ዝነኛ የልጆች ልብ ወለድ ውስጥ የሰውን ነፍስ የሚመጥ ፍጥረት ነው። የዚህች ተርብ የቅርብ ዘመድ በረሮን ጭንቅላቱ ላይ ትነድፈዋለች። በረሮው መራመድ ይችላል፣ የመሸሽ ፍላጎቱ ግን ይጠፋል። አንቴናውን ይዛ ልክ እንደ በግ እየጎተተች ጉድጓድ ታስገባዋለች። ጎብኚዎቹ ስሙን በደንብ ነው የመረጡት።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ዲኤንኤ መጥቷል። ከናሙናው አንዲት እግር ይወሰድና 658 ፊደል ገደማ ያላት የዲኤንኤ ቁራጭ ትነበባለች። ባርኮድ ይሏታል፤ ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ እንዳለው። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ባልና ሚስቱን ያገናኛል። እጩንም ከእናቱ ያዛምዳል። ዓይን አንድ ያለውን ስድስት ሆኖ ያሳያል። አሮጌ ናሙና ላይ ግን ዲኤንኤው ይሰባበራልና ሁልጊዜ አይሳካም።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። በ2021 ማይክል ሻርኪና ባልደረቦቻቸው ከኮስታ ሪካ 403 አዲስ የተርብ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ አወጡ። የአብዛኞቹ መለያ ባርኮዱና ፎቶ ብቻ ነበር። ደጋፊዎቹ፣ በድሮው አካሄድ ከሄድን ደኑ ከኛ በፊት ያልቃል ይላሉ። እውነት አላቸው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ተርቡን በምን ይለየው ይላሉ። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኞቹ ያደላል። ማይክሮስኮፕ በአንድ አነስተኛ የእርሻ ምርምር ጣቢያም ይገኛል። የዲኤንኤ ማንበቢያ ግን የለም፤ ናሙናውን ውጭ አገር መላክ ያስፈልጋል። ስሙ ለገበሬው ቅርብ ያለው ባለሙያ እጅ ላይ የማይሠራ ከሆነ ግማሽ ስም ነው።

ለገበሬው ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ አንድ ተባይ ገባ። ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ የካሳቫን ቅጠል የሚመጥ ተባይ ነው። ካሳቫ የሚሊዮኖች እንጀራ ነው፤ ማሳው ደረቀ። በ1977 ተባዩ ስም ወጣለት። ጠላቱን ለማግኘት ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ፣ ተመሳሳይ ተባይም አገኙ፣ ጥገኛ ተርቦቹን አመጡ። ተርቦቹ የአፍሪካውን ተባይ እምቢ አሉ። ለካ ያ ሌላ ዝርያ ነበር! በዓይን አንድ የሚመስል፣ ለተርቧ ግን ፈጽሞ ሌላ። ትክክለኛው በ1981 ፓራጓይ ውስጥ ተገኘ፤ አብሮትም ደ ሳንቲስ የተባሉ አርጀንቲናዊ በ1964 ስም ያወጡላት ተርብ ተገኘች። ናይጄሪያ ላይ ተለቀቀች። ከዚያ ከአገር አገር ተዛመተች፣ ተባዩም ረገበ። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ለኛ የሚቀርበው ደግሞ የመጤው ተምች ነገር ነው። በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን እንዳልነበረ ሲያደርገው ሁላችንም ሰምተናል። በዚያው በ2017 ኬንያ ውስጥ አሉማን በሚበሉ ትሎች ላይ የምትኖር አንዲት ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ ስም አግኝታ ነበር። ኮቴሲያ ኢሲፔ ተባለች፣ ናይሮቢ ባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ስም። በቀጣዩ ዓመት የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰቡ የመጤ ተምች እጮች ላይ የትኛው ጥገኛ በብዛት እንደወጣ አሳየ። እሷው ነበረች። ከእጮቹ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኘች። ማንም አላመጣትም፤ ማሳው ላይ ነበረች። ስሟ ባይወጣ ኖሮ ተመራማሪው የሚጽፈው «አንድ ትንሽ ተርብ» ብሎ ነበር። የኬንያውም ሰው «አንድ ትንሽ ተርብ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ የሚያውቅ አይኖርም።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከአፍሪካ የተሰበሰቡ ብዙ ሆሎታይፖች ያሉት ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊንና ብራስልስ አጠገብ ቴርቩረን ነው። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ የአገሩን ተርብ ለማመሳከር ቪዛ ይጠይቃል። አሁን ግን ኬፕታውን ያለው ኢዚኮ ሙዚየም የአፍሪካ ተርቦችን በጥራት እያነሳ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል፤ ዌስፕዌብ ይባላል። ሌሎችም እየተከተሉ ነው። ፎቶ የናሙና ምትክ አይሆንም፤ ግን ስንቱን ጉዞ ያስቀራል። ደግሞ ናሙና አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ አደጋው ምን እንደሆነ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 ታይቷል። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በእሳት ሲጋይ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋው የነፍሳት ስብስብ አብዛኛው አብሮ ነደደ። በውሰት ሌላ አገር የነበሩት ተረፉ።

የመስኮቴን ተርብ ከሳምንታት በኋላ ከጭቃዋ ሥር ሞታ አገኘኋት። ከአንዷ ሸረሪት ጋር አልኮል ያለባት ብልቃጥ ውስጥ አስገባኋት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ «የመስኮት ጥግ፣ የጭቃ ጎጆ፣ ሸረሪት የያዘ» ብዬ በትንሽ ወረቀት ጻፍኩና አብሬ ከተትኩ። በእርሳስ ነው የጻፍኩት። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።